ደላላ አያስፈልግም

ሰሞኑን ከቤቴ እስከ ታክሲ መያዣው ባለው መንገድ ላይ የተለጠፉ ማስታወቂያዎችን ስቆጥር ነበር። ሥራ ፈትቼ አይደለም። ጉልበቴን ስለሚያመኝ በየምሰሶው ሥር እያረፍኩ ነው የምሄደው፤ ቆሜ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም፤ የአስተማሪነት በሽታ ነው። አሥራ አንድ የቤት ሽያጭና ኪራይ ማስታወቂያ አገኘሁ። ከአሥራ አንዱ በሰባቱ ግርጌ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ደላላ አያስፈልግም»። አንደኛው አልበቃ ብሎት በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። እስቲ ብዬ በባለ ቀዩ ስልክ ደወልኩ።

«ባለቤቱ ነዎት?»

«የባለቤቱ ወንድም ነኝ» አለ ሰውየው። ቀጠለና ያ ቤት ትናንት መሸጡን፣ ግን ከዚያ የሚሻሉ ሌሎች ሦስት ቤቶች እንዳሉት ነገረኝ። እንግዲህ ሦስት ቤት የሚሸጥ ወንድም ያለው ማን ነው?

ደላላን የማይሰድብ የከተማ ሰው አላውቅም። ያለ ደላላ ቤት የገዛ፣ የሸጠ ወይም የተከራየ ሰውም ብዙ አላውቅም። ይሄ የሰደቡትን ሰው ደጅ የመጥናት ነገር ከየት መጣ ብዬ ማገላበጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መነሻዬ የራሴ ጉዳይ ነው፤ እናቴ ትታልን የሄደችውን ቤት ስንሸጥ በደላላ ምርጫ የተነሳ ከእህቴ ጋር ተቀያይመን ነበር። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ቃሉ። «ደላላ» ከዓረብኛ የመጣ ነው። ሥሩ ማመልከት፣ መንገድ ማሳየት፣ መምራት ነው። በቀይ ባሕር ወደቦችና በሐረር ገበያ ደላል የሚባለው ሰው ሻጭና ገዢን የሚያገናኝ፣ ጨረታም የሚጠራ ባለሙያ ነበር። በአማርኛ ጆሮ ግን ደላላ ሲባል አብሮ የሚሰማው «መደለል» ነው፤ «መደለያ» ነው። መንገድ አሳዩ ድንበር ተሻግሮ እኛ ጋ ሲደርስ አባባይ ሆነ። ቃልም እንደ ሰው በሄደበት አገር ስሙ ይጠፋል።

ከደላላው በፊትስ ሰው እንዴት ይገበያይ ነበር? የጎንደርን ዘመን ብንወስድ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መሬትና ቤት ሲሸጥ ሽያጩ የሚመዘገበው በቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ያውም በወንጌሉና በሌሎች ቅዱሳት መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ እነዚህን የኅዳግ ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት ሲሰበስብና ሲያነብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አውጥቷል። ጽሑፎቹ ሻጩን ይጠራሉ፣ ገዢውን ይጠራሉ፣ ዋጋውን በወርቅ ወቄት ይናገራሉ፤ ከዚያ የሰው ስም ዝርዝር ይከተላል። እማኞችና ዋሶች ናቸው። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶች ጥቂት አይደሉም። የዛሬውን የውልና ማስረጃ ወረፋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚያ ዝርዝር ውስጥ የእኔን ትኩረት የሳበው ዋሱ ነው። ዋስ ኮሚሽን አይበላም። ነገር ከተበላሸ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። እማኙም ቢሆን እዚያው ደብር የሚያስቀድስ፣ እዚያው ገበያ የሚውል ሰው ነው፤ በሐሰት ቢመሰክር የሚሸሽበት ሰፈር የለውም። መጽሐፉ ደግሞ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በየበዓሉ ወጥቶ የሚሳሙት ወንጌል ነው።

በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነበረ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነስቶ ወደ ሐረር ሲጓዝ፣ በዚያ መንገድ ያለ «አባን» መሄድ እንደማይቻል ተረዳ። አባን ማለት በሱማሌ አገር ለእንግዳ ነጋዴ የሚቆምለት ሰው ነው፤ አስተርጓሚው፣ አሻሻጩ፣ ጠባቂው፣ ቤት ሰጪው ሁሉ እሱ ነው። በአንድ ሰው ላይ የተደራረበ ሥራ፣ ዋጋውም እንደዚያው። በርተን በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዚህ ልማድ ሰፋ አድርጎ ጽፏል። ሆኖም የአባን ነገር የሚለየው በዚህ ነው፦ እንግዳው ላይ ጉዳት ከደረሰ ነውሩ የአባኑ ነው፤ የጎሳው ነው። ደም መመለስ ሁሉ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ኮሚሽኑን የሚቀበለው በገዛ ክብሩ አስይዞ ነው።

የጎንደሩ ዋስ ያለ ክፍያ ይጠየቃል፤ የዘይላው አባን ተከፍሎት ይጠየቃል። የእኛ የዛሬው ሰው ይከፈለዋል፤ መጠየቁ ላይ ነው ችግሩ።

አዲስ አበባ መጀመሪያ ላይ ደላላ አያስፈልጋትም ነበር። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈር ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚሉት ስሞች የሚነግሩን ቦታው የሚገኘው ከጌታ መሆኑን ነው። ጌታው ለአሽከሩ እዚህ ጋ ጎጆ ቀልስ ይለዋል፤ አለቀ። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1907 ዐፄ ምኒልክ የከተማዋን መሬት በግል ይዞታ የሚያውቅ ደንብ ካወጡ በኋላ ነው። መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ ነገር ሆነ። ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና የመኑ ሱቅና ቤት ፈለገ። የማይተዋወቁ ሰዎች መገበያየት ሲጀምሩ በመሐል የሚቆም ሰው ግድ ነው።

ይህ በመሐል የሚቆም ሰው ወግ ማዕረግ ያገኘው በ1952 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ደላላ በሕግ የታወቀ ነጋዴ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምሮት፣ እሱ ሲሞት የአገሩ ሰው አልፍሬድ ጆፍሬ የጨረሰው የንግድ ሕጋችን አንቀጽ 56 ላይ ደላላን ተርጉሞታል፦ ራሱን ችሎ፣ የሙያ ሥራው አድርጎ፣ እንደ ሽያጭና ኪራይ ያለ ውል ሊዋዋሉ የሚችሉ ሰዎችን የሚፈልግና የሚያገናኝ ሰው። «ራሱን ችሎ» የምትለዋን ያዙልኝ። የሻጭ አሽከር አይደለም፤ የገዢም አይደለም። ይቺ ቃል በኋላ ቤታችንን በጥብጣለች። (ያ የንግድ ሕግ ከስድሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል።)

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣበት ቀን ነው። እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የማስታውሰው የለኝም። የእናቴን ግን ስሰማ ነው ያደግሁት። ሁለት ቤት ነበራት፤ አንዱ የምንኖርበት፣ ሌላው አባቴ ከሞተ በኋላ እያከራየች እኛን ያሳደገችበት። በአንድ ቀን ሁለተኛው የሷ መሆኑ ቀረ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ሆነ። የተከራዩ ኪራይ ተቀነሰ፤ ይህን ደግሞ መካድ አይገባም፣ ከተማው ውስጥ ስንት ሰው በዚያ አዋጅ ተንፍሷል። የእናቴ ተከራይ የነበሩት ሴትዮ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስከ ሞቱ ድረስ በየዓመት በዓሉ ዶሮ ይዘው «የቤቴ እመቤት» እያሉ ይመጡ ነበር። አዋጁ የአከራይና የተከራይን ግንኙነት ሰርዞ ነበር፤ የዶሮዋን ነገር አልጠቀሰም።

በዚያ ዘመን ደላላው የት ገባ? የሚሸጥ የለ፣ የሚከራይ የለ። ሥራው በአዋጅ ቆመ። ሰው ግን ማግባቱን አልተወ፤ ከገጠር መምጣቱን አልተወ። ስለዚህ «ደባል» የሚባል ነገር መጣ፤ የቀበሌ ቤት ውስጥ በዘመድ ስም የሚገባ ተከራይ። የአጎት ልጅ ነው ይባላል፤ የአጎቱ ልጅ በየወሩ ይከፍላል። ይህን የዘመድ አሰጣጥ የሚያውቀው፣ የት ቤት ሰፋ ያለ ክፍል እንዳለ፣ የትኛው የቀበሌ ሰው ዓይኑን እንደሚጨፍን የሚያውቀው ያው የቀድሞው ደላላ ነበር። ሕጋዊ ነጋዴ የነበረው ሰው ሹክሹክታ ለመደ። እኔ እንደሚመስለኝ ዛሬ የምንማረርበት ጠባይ ግማሹ ያኔ የተቀዳ ነው፦ ደረሰኝ የለም፣ ስም አይጻፍም፣ ሁሉ ነገር በጆሮ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በድብቅ የሠራ ሙያ፣ በሩ ሲከፈትለት በአንድ ቀን ቀጥ ብሎ አይቆምም።

በሩ ሲከፈት ደግሞ በሰፊው ነው የተከፈተው። በ1987 ዓ.ም. ወጣት ሌክቸረር ሆኜ አንዲት ክፍል ስፈልግ፣ አንድ ደላላ ለማሳያ እያለ በየጊዜው አሥር አሥር ብር እየተቀበለ ሦስት ቤት አሳየኝ። ሦስተኛውን ሳንኳኳ የከፈተችልኝ ልጅ ተማሪዬ ናት! ቤቱ ከተከራየ ወር አልፎታል። ደላላው ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መምህር፣ እኔ ያሳየሁዎት በር ነው፤ ባዶ ነው ብያለሁ?» ሥነ ጽሑፍ ለማስተማር እንዲህ ያለ የቃላት አጠቃቀም በኋላ ጠቅሞኛል።

የሊዝ አዋጆቹ በየተራ መጡ፤ በ1986፣ በ1994፣ በ2004። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ተሠሩ። ዕጣ የወጣለት ሰው ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ሲከለከል፣ ደላላው በውክልናና በብድር ውል ሽፋን የሚሸጥበትን መላ አስተማረ። ይህ መላ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ የፍርድ ቤት ደጅ ይመስክር። ውክልና ይሻራል፤ ወካይ ይሞታል፤ የሻጭ ሚስት «አልፈረምኩም» ትላለች። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ይላል፤ እውነቷን ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 የቤት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ ውል አይደለም ሲል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 የተጻፈውን ነው ያጸናው። ከዚያ በኋላ ግን የቤት ዋጋ ሲንር አንዳንድ ሻጭ በሰፈር ሽማግሌ ፊት የተፈራረመውን ውል ይዞ «ይፍረስልኝ» እያለ ፍርድ ቤት ይሄድ ጀመር። በሻይ ቤት ወረቀት ያፈራረመው ደላላ ያን ጊዜ ስልኩ አይነሳም።

የኪራዩ ነገርም ወደ ሕግ እየገባ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ወረቀቱ ላይ ደላላው የለም። መንገድ ላይ ግን አለ።

አሁን ወደ እናቴ ቤት ልመለስ።

በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ቤቱ ጉለሌ ነበር። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ታናሽ እህቴ፣ ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን። እሱ በኤምባሲ በኩል ውክልና ላከልኝ። እህቴ ልጆቿን ይዛ በኪራይ ቤት ነበረች፤ ድርሻዋን ተቀብላ የራሷ ጣሪያ ሥር ለመግባት ቀን ትቆጥራለች። እህቴ ያመጣችው ደላላ ወጣት ነው፤ ሱፍ ለብሷል፣ ሁለት ስልክ ይዟል፣ ራሱን የሚጠራው «ኮሚሽን ኤጀንት» ብሎ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሳይቀመጥ ዋጋ ጠራ፤ ከጠበቅነው በላይ። «መምህር፣ ምንም አያስቡ» አለኝ። ቀጥሎም ውሉ ላይ የዋጋውን ግማሽ ብቻ እንድንጽፍ፣ ለመንግሥት የሚከፈለው እንዲቀንስ፣ ቀብዱን ደግሞ እሱ ተቀብሎ እንዲያስቀምጥልን ሐሳብ አቀረበ። ካርታውን ለማየት አልጠየቀም።

እኔ ያመጣኋቸው ሰው ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ «ባሻ» ይላቸዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ሰማያዊ ደብተር አላቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ካርታው አለ?» ነው። ሁለተኛው «ሦስታችሁም ተስማምታችኋል?» ካርታውን ይዘው ግቢውን በእርምጃ ለኩ፤ አንዴ፣ ደግመው። ከዚያ ማድ ቤቷ ፊት ቆሙና «ይቺ ከካርታው ውጭ ናት» አሉ።

እናውቃለን። እናቴ ከአዋጁ በኋላ፣ አጥሩ ሲፈርስ በባዶው መሬት ላይ ያሠራቻት ነች። ማንም ጠይቆን አያውቅም። እህቴ «ታዲያ ዝም እንበላ፣ ባሻ» አለች።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔ የዚህ ሰፈር እድርተኛ ነኝ። የምቀበረው በእናንተ እጅ ነው፣ በሚገዛውም ሰውዬ እጅ።»

ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ ያሳዩት ያችኑ ማድ ቤት ነው። ሰውየው አየ፣ አሰበ፣ ከዋጋው ላይ ሰማንያ ሺህ ብር ቀነሰ። እህቴ በዚያች ቀን የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ነገሯ ግን ባጭሩ ይህ ነበር፦ «ኮሚሽን የምንከፍለው እኛ! የማን ደላላ ነው ያመጣህብን?» ጥያቄዋ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከደላላ ሰው የሚፈልገው ለእሱ እንዲዋሽለት፣ ለእሱ ግን እንዳይዋሽበት ነው። ባሻ ለእኛ አልዋሹልንም። እኔ ያን የንግድ ሕግ አንቀጽ አወጣሁና «ራሱን ችሎ» የሚለውን አነበብኩላት። በእህት ፊት ሕግ ማንበብ ምን ያህል ቂልነት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሰማንያ ሺህ ብር ለእኔ የመከራከሪያ ነጥብ ነበር፤ ለእሷ የሁለት ክፍል ልዩነት ነው። ያን ጊዜ ይሄ አልታየኝም።

ወጣቱ ደላላ ሥራ አልፈታም። እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት በግማሽ ዋጋ ውል አሻሻጠ። በኋላ በወራሾች ክርክር ያ ውል ሲፈርስ፣ ገዢው ይመለስልኝ ማለት የቻለው ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ግማሽ ነው። ይህን ለእህቴ ነገርኳት። «እኛ ገዢ አልነበርንም» አለችኝ። እሷም ልክ ናት።

ሰዎች «የታመነ ደላላ ጠቁመኝ» ሲሉኝ እኔ የምለው አለኝ። ካርታ ሳያይ ዋጋ የሚጠራውን ተዉት። ቀብድ በእጄ ይሁን የሚለውንም ተዉት፤ ቀብድ ቀልድ አይደለም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል፤ በሦስተኛ ሰው ኪስ ውስጥ የሚያድር ገንዘብ አይደለም። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንዳለበት አጣሩ ሲባል የሚቆጣ ደላላ ካለ፣ ቁጣው መልስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰውየው ቢዋሽ ምን እንደሚያጣ ጠይቁ። የጎንደሩ ዋስ፣ የዘይላው አባን የሚያጡት ነገር ነበራቸው። ሁለት ስልክ ያለው ሰው አንዱን ሲም ካርድ ያወጣል፤ ሌላ ያስገባል።

ውሉን የተዋዋልን ዕለት ውልና ማስረጃ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ተሰለፍን። ሙሉው ዋጋ ተጻፈ። ገዢው ሁለት እማኝ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሕጉ የሚፈልገው ይኸንኑ ነው። ደላላ የሚባል ሰው እንደዚያ ባለ ሰዓት ኮሚሽኑን ለመቀበል ውጭ በረንዳ ላይ ነው የሚቆመው፤ ስሙ ወረቀት ላይ እንዲገባ የሚፈልግ የለም። ባሻ ግን ገፍተው ገቡ። «እኔም ልፈርም» አሉ። የቢሮው ልጅ ሁለት እማኝ ይበቃል አላቸው። «ለእናንተ ይበቃል» አሉ፣ «እኔ ነኝ ቤቱን ያሳየሁት።» ልጁ እኛን አየ፣ እኛ ገዢውን አየን፤ ገዢው ትከሻውን ነቀነቀ። ሦስተኛ መስመር ተጨመረላቸው። መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር የት እንደሚፈርሙ ጣታቸውን ይዛ ያሳየቻቸው እህቴ ናት።